የአባቴ ካሜራ ለምን ተጣበቀ?

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአሮጌ ሰነዶችና ከሠርግ ልብስ ሥር፣ በቆዳ ቦርሳ ተከቶ የተቀመጠ የሚታጠፍ ካሜራ ይገኝ ይሆናል። ክዳኑ ሲከፈት ሌንሱ በወናፍ ላይ ሆኖ ወደ ፊት ብቅ የሚለው፣ የአያት ወይም የአባት ንብረት የነበረው ማለቴ ነው። ባለቤቶቹ ስለ ካሜራው ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው “ተበላሽቷል፣ አይሠራም” የሚል ነው። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። ለሰው ያልነገርኩት ነገር ቢኖር ለዚህ ያበቃሁት እኔው ራሴ መሆኔን ነበር።

አባቴ በደሴ ከተማ በአነስተኛ ንግድ ቤተሰብ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ፎቶግራፍ ማንሣት ሥራቸው አልነበረም። ሆኖም በ1960ዎቹ መጨረሻ ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ በሄዱበት ጊዜ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዛይስ ኢኮን ኔታር የተባለ ካሜራ ገዝተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዒድ ሰላት ተሰግዶ ወደ ቤት ስንመለስ፣ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት፣ ቤተሰቡ በሙሉ በግቢው ግንብ ሥር ይሰለፍ ነበር። አልበሙን የገለጠ ሰው ታላቅ እህቴን በእናቴ ጀርባ ታዝላ ያገኛታል፤ ቀጥሎ በእግሯ ቆማ፣ ቀጥሎ ደግሞ እኔን አቅፋ። ዒድ በመጣ ቁጥር አንድ ስንዝር እንጨምራለን።

አልበሙ 1996 ዓ.ም. ላይ ሲደርስ ይቆማል። በዚያ ዓመት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በዒዱ ዋዜማ አባቴ ካሜራውን ሲሞክሩት የሸተሩ ቅጠሎች በዝግታ ተከፍተው በግማሽ ቀሩ። “ብርዱ ነው፣ ነገ ይለቃል” ብለው አስቀመጡት። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ስለ ሰበቃ ተምሬአለሁ፤ ዘይት ሰበቃን እንደሚቀንስ አውቄአለሁ። ማታ ሰው ሳያየኝ ከእናቴ የስፌት መኪና መሳቢያ የዘይቱን ጠርሙስ አወጣሁና በሸተሩ ማንሻ ስንጥቅ በኩል ሦስት ጠብታ ጨመርኩበት። ሸተሩም ወዲያው ለቀቀ! አሥር ጊዜ ያህል ቀጭ ቀጭ አድርጌው በደስታ ተኛሁ።

ጠዋት ሁላችንም በአዲስ ልብሳችን ተሰልፈን አባቴ ቁልፉን ሲጫኑት ምንም ድምፅ አልተሰማም። ካሜራውን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ተመለከቱት። አሸተቱት። ከዚያም ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ አንዲት ቃል ግን አልተናገሩም። ክዳኑን አጥፈው “በሉ ቁርሱ ይቅረብ” አሉ። የመጨረሻዋ እህታችን ያኔ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበረች። እስካደገችበት ጊዜ ድረስ ለትምህርት ቤት መታወቂያ ከተነሣችው ጉርድ ፎቶ በቀር የልጅነት ምስል የላትም።

ዛሬ እኔ ራሴ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ያን ጊዜ የተማርኩት እውነት ቢሆንም ግማሹ ብቻ ነበር። ቀሪውን ግማሽ ለመረዳት ወደ ሸተሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

በዘይት የታነቀ በር

ሸተር ማለት በሌንሶቹ መካከል የተቀመጠ የብርሃን በር ነው። በሩ የተሠራው እርስ በርስ ከተደራረቡ፣ እንደ ወረቀት ከሳሱ የብረት ቅጠሎች ሲሆን ቁልፉ ሲጫን ቅጠሎቹ ወደ ጎን ሸሽተው መልሰው ይገጥማሉ። የአባቴ ካሜራ ሸተር ፕሮንቶር-ኤስቪ ይባላል፤ ከ1 ሰከንድ እስከ 1/300ኛ ሰከንድ ድረስ እንዲከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ቅጠሎቹን የምታንቀሳቅሰው ሞላ ደቃቅ ናት። ደካማ ሆና የተሠራችው ሆን ተብሎ ነው፤ ምክንያቱም የቅጠሎቹ ክብደት ከምንም አይቆጠርም።

እንግዲህ ሁለት የመስኮት መስታወቶችን አንሡና በመካከላቸው ጥቂት ውኃ አድርጋችሁ አጋጥሟቸው። ከዚያ ለማላቀቅ ሞክሩ። ውኃ የሚያንሸራትት ነገር ሆኖ ሳለ መስታወቶቹን እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ዘይትም በስስ ቅጠሎች መካከል ሲገባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የበር ማጠፊያ ወይም የጋሪ ጎማ ከባድ ነገር ስለሚሸከም ዘይት ይጠቅመዋል። የሸተር ቅጠል ግን የሚሸከመው የለም፤ እንዲሠራ የተፈለገው በደረቁ ነው። ቅጠሎቹ ላይ ዘይት የሚታሰብበት ሁኔታ ጭራሽ የለም።

ታዲያ ዘይት ያልጨመረበት ሰው ካሜራስ ለምን ይጣበቃል? በሌንሱ ጥርስና በሌሎች ክፍሎች ላይ ፋብሪካው የቀባው ግራሶ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ይለያያል። ቀጭኑ ዘይት እየሳሳ ወደ ቅጠሎቹ ይደርሳል፤ ወፍራሙ ባለበት ደርቆ ይቀራል። በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመርበት ሙጫ ይሆናል። ብርድም ያጠነክረዋል፤ በቀትር የሚሠራው ሸተር በደሴ ንጋት አልላወስ የሚለው ለዚህ ነው። አባቴ “ብርዱ ነው” ያሉት ትክክል ነበር፤ ዘይቱ አስቀድሞ እዚያ ደርሷልና።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ሕመም አለ። ከ1/25ኛ ሰከንድ በታች ላሉት ዝግተኛ ፍጥነቶች ሸተሩ ውስጥ እንደ ሰዓት ያለ የጥርስ ጎማዎች ሰንሰለት ይገኛል፤ ቅጠሎቹ ቶሎ እንዳይዘጉ የሚያዘገያቸው እርሱ ነው። 1 ሰከንድ ላይ ተደርጎ ሲጫን የሚሰማው “ዝዝዝዝ” የሚል ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ፕሮንቶርን ይሠራ የነበረው የጎቲየር ፋብሪካ የተቋቋመው በጀርመን ጥቁር ደን አካባቢ፣ ካልምባክ በተባለች ከተማ ነው። ጥቁር ደን ደግሞ በሰዓት ሥራ የታወቀ አገር ነው። የሙኒኩ ፍሬድሪክ ዴክልም እ.ኤ.አ. በ1912 ኮምፑር የተባለውን ሸተር ሲያወጣ ቀድሞ ጊዜውን ይለካ የነበረውን የአየር ሲሊንደር ትቶ በጥርስ ጎማ ተካው። የጀርመን ካሜራ ሠሪዎች አብዛኞቹ ሸተራቸውን የሚገዙት ከእነዚህ ከሁለቱ ነበር። ስለሆነም ለጥገና ስትነሡ ከካሜራው ስም ይልቅ በሌንሱ ዙሪያ የተጻፈውን የሸተሩን ስም አንብቡ። ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች አንድ ዓይነት ሸተር ይዘው ማግኘት የተለመደ ነው።

ከመፍታት በፊት

ባለፈው ዓመት አባቴ ዕቃቸውን ለልጆቻቸው ሲያከፋፍሉ ካሜራውን ለእኔ ሰጡኝ። ለምን ለእኔ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ሱቅ ያለውን ካቻቢቴ ሁሉ ሰብስቤ ልጀምር ስል በገበያ ሰዓት የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን አስቆሙኝ። “መጀመሪያ እየው፤ እጅህን አጣምርና እየው” አሉኝ።

የማየቱ ነገር እንዲህ ነው። ኔታርን በመሰሉ በርካታ ካሜራዎች ላይ ፊልሙ ካልዞረ በስተቀር ከላይ ያለው ቁልፍ እንዳይጫን የሚከለክል ዘዴ አለ፤ አንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ እንዳይነሣ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ፊልም የሌለበትን ካሜራ ይዞ “ተጣብቋል” ይላል። ስለዚህ ሸተሩን በማንሻው ወጥሩና ሸተሩ ራሱ ላይ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ንኩ። እርሷ ከሠራች ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው። ካልሠራች የኋላውን ክዳን ከፍታችሁ ቅጠሎቹን በብርሃን አንፃር ተመልከቱ። ደረቅ ቅጠል ድብን ያለ ግራጫ መልክ አለው፤ ዘይት የነካው ያብረቀርቃል፣ አንዳንዴም እንደ ቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። የአባቴ ካሜራ ቅጠሎች ከዚህም አልፈው ቡና ቀለም ይዘው ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ። በብዙዎቹ ሸተሮች ላይ ራስን በራስ ለማንሣት የምታገለግል የመዘግያ ማንሻ አለች። አትንኳት። ለዓመታት ተኝታ የኖረች ስለሆነች ተወጥራ መሐል መንገድ ላይ ትቆማለች፤ እርሷ ከቆመች ደግሞ ሸተሩ ሁሉ ከእርሷ ጋር ይታሰራል። እኔ ካጸዳሁ በኋላ እንኳ እስካሁን አልነካኋትም።

የቤንዚኑ ጉዳይ

ዘይቱን የሚያጥበው ምንድን ነው? በዚህ ላይ ብዙ ስሕተት ይፈጸማል። ላምባ ራሱ ዘይት ስለሆነ ቅባቱን ይተዋል። የመኪና ቤንዚን ልዩ ልዩ ቅመሞች ስላሉበት ሲተን ዝቃጭ ያስቀራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቀለሙንና ፕላስቲኩን ይበላል። የሚሆነው በትንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው፣ ለዚፖ ላይተር የሚጨመረው ንጹሕ ቤንዚን ነው፤ ዘይትን ያሟሟና አሻራ ሳይተው ይተናል።

ይሁንና እሳት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ወርዶ ይሄዳል፤ ርቆ ካለ እሳትም ሊደርስ ይችላል። እኔ ሥራውን የጀመርኩት ሳሎን ውስጥ ነበር። መስኮት ከፍቻለሁ፣ ጥንቃቄ አድርጌአለሁ ብዬ ተቀምጬ ሳለ ባለቤቴ ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል በምድጃ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። እንዴት ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ምድጃውን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ ለሁለት ቀን ያህል አላናገረችኝም፤ እውነቷን ነው። ቀሪውን ሥራ በሙሉ ውጭ በረንዳ ላይ ሠራሁ። ልጆች ባሉበት፣ ቡና በሚፈላበትና ሲጋራ በሚጨስበት ቤት ይህ ሥራ ጨርሶ አይሞከር።

ሥራው

በመጀመሪያ ሌንሶቹ ከሸተሩ መውጣት አለባቸው። ያለዚያ ቤንዚኑ ያሟሟውን ዘይት ሌንሱ ላይ ወስዶ ያጋድመዋል። የፊተኛው የርቀት ቀለበት በዳሩ ላይ በሦስት ደቃቅ ብሎኖች ተይዟል። ቀለበቱን መጨረሻ በሌለው ርቀት ምልክት ላይ አድርጋችሁ ብሎኖቹን አላሉ፤ ቀለበቱን አንሡ። የፊተኛውን ሌንስ ስትፈቱ ጥርሱ የለቀቀበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ስንት ዙር እንደዞረም ጻፉ። ሲመለስ በሌላ ጥርስ ከገባ ርቀቱ ሁሉ ይዛባል። ቀጥሎ ያለው ሌንስና በካሜራው ሆድ በኩል ያለው የኋለኛው ሌንስም ይፈታሉ። በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ብሎኖቹን በነጭ ጨርቅ ላይ በተፈቱበት ቅደም ተከተል ደርድሩ፤ አንዷ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች በቃ።

ለጀማሪ የምመክረው እዚህ ላይ እንዲቆም ነው። ስቴኪኒ ላይ ጥጥ ጠቅልላችሁ በቤንዚን አርጥቡ፤ እንዲንጠባጠብ ሳይሆን እንዲርስ ብቻ። የተዘጉትን ቅጠሎች ከፊትም ከኋላም በቀስታ ጥረጉ። ሸተሩን ወጥራችሁ ልቀቁት፣ ጥጡን ቀይሩ፣ እንደገና ጥረጉ። ቅጠሎቹን በጣት ወይም በወረንጦ መግፋት ክልክል ነው፤ አንድ ጊዜ የታጠፈ ቅጠል አይቃናም። ዘይቱ ጥቂት ከሆነ በዚህ ብቻ ይድናል።

የእኔው ግን ሦስት ጠብታ የጠጣ ነውና ክዳኑን መክፈት ግድ ሆነ። በፕሮንቶር ላይ ከሌንሱ ሥር ያለው ማሰሪያ ቀለበት በአንዲት ደቃቅ ብሎን ተቆልፏል፤ ብሎኗ ስትላላ ቀለበቱ ጥቂት ዞሮ ይለቃል። ከዚያ የፍጥነት ቁጥሮች ያሉበት ሳህን ይነሣል። በሳህኑ ላይ የተቀረጹትን ጠማማ መንገዶችና በውስጣቸው የሚሄዱትን ትናንሽ እንጨቶች መሳይ ብረቶች አስተውሉ፤ ሳህኑ ሲመለስ እያንዳንዱ ብረት በየመንገዱ መግባት አለበት። ሳህኑ ሲነሣ የዝግተኛ ፍጥነት ጎማዎቹ ይታያሉ። የእናቴ የስፌት መኪና ዘይት እዚያ ወርቅማ ሆኖ፣ እንደ ማር ረግቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ሽታው እንኳ አልጠፋም ነበር።

በመርፌ ጫፍ ከየጎማው ሥር አንድ አንድ ጠብታ ቤንዚን እየሰጠሁ፣ በጥጥ እየመጠጥኩ፣ ሸተሩን እየወጠርኩ አሠራሁት። ማታ ላይ 1 ሰከንዱ “ዝዝዝዝ - ቀጭ” አለ። አል-ሐምዱሊላህ ብዬ ለአባቴ ልደውል ስልክ ካነሣሁ በኋላ የሰዓት ሠሪው ፊት ትዝ አለኝና ተውኩት። ጠዋት ስሞክረው ተጣብቋል!

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ቦታ ነው። ቤንዚን ዘይቱን አያጠፋውም፤ አቅጥኖ ያንቀሳቅሰዋል እንጂ። ከጎማዎቹ ሥር የቀጠነው ዘይት ሌሊቱን ተጉዞ ወደ ቅጠሎቹ ይመለሳል፤ ቤንዚኑ ተኖ ዘይቱ ብቻ ይቀራል። እርጥብ ሳለ የሠራ ሸተር ተጠገነ አይባልም። በመሆኑም ያጸዳችሁትን ሸተር አንድ ሌሊት አሳድራችሁ በጠዋቱ ብርድ ሞክሩት። ከተጣበቀ ድገሙት። እኔ አራት ሌሊት አሳድሬዋለሁ። በአራተኛው ጠዋት ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሸተሩም ሃምሳ ጊዜ በተከታታይ ሲወጠር አንድም ጊዜ አልዘገየም።

አዛውንቱ ሰዓት ሠሪ መጥተው አዩት። ከኪሳቸው የሰዓት ዘይት አውጥተው የመርፌ ጫፍ ነከሩና በዝግተኛ ጎማዎቹ ዘንግ ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ነካ ነካ አደረጉት፤ በዓይን የሚታይ አልነበረም። “ያንተዋ ሦስት ጠብታ ለእኔ ሱቅ ለአንድ ወር ትበቃኝ ነበር” ብለው ሳቁብኝ።

ጦሳን ገልብጦ ማየት

ሌንሶቹ ጸድተው ከተመለሱ በኋላ ርቀቱ መስተካከል አለበት። የኋላውን ክዳን ከፍታችሁ ፊልሙ በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ደብዛዛ ፕላስቲክ ወጥራችሁ በፕላስተር ለጥፉ። ሸተሩን ቢ በሚለው ፊደል ላይ አድርጉና ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ያዙት፤ ዲያፍራሙን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ከዚያ ካሜራውን ወደ ሩቅ ነገር አዙሩ። እኔ ወደ ጦሳ ተራራ አዞርኩት። ተራራው ተገልብጦ፣ ሰማዩ ከታች ሆኖ በፕላስቲኩ ላይ ታየ። የጫፉ ዛፎች ጥርት እስኪሉ የፊተኛውን ሌንስ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩና ቀለበቱን በሩቁ ምልክት ላይ አስቀምጬ ሦስቱን ብሎኖች አጠበቅኩ። የአሥር ዓመት ልጄ ይህን አይቶ ግማሽ ቀን ካሜራውን አልሰጥም አለኝ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ሌንስ ከማስተምረው ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ወናፉንም አትርሱ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከውስጥ አብርታችሁ እጥፋቱን ተመልከቱ፤ እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነገር ካለ ቀዳዳ ነው። በዚህ በኩል የዛይስ ወናፎች ጠንካሮች ናቸው። አግፋ ኢዞሌት ያላችሁ ግን ወናፉ በየጥጉ እንደሚበሳ፣ የርቀት ቀለበቱም ግራሶ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ሲሚንቶ እንደሚደርቅ እወቁ።

አሥራ ሁለት ምስል

120 የሚባለው ፊልም ከእ.ኤ.አ. 1901 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። እኛ አገር ማግኘቱ ስለሚያስቸግር ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ሁለት ጥቅል ላከልኝ። በኔታር አንዱ ጥቅል 12 አራት ማዕዘን ምስል ይሰጣል። የብርሃን መለኪያ አልነበረኝም፤ ስሜቱ 100 ለሆነ ፊልም በጠራ ፀሐይ ዲያፍራሙ 16፣ ፍጥነቱ 1/100ኛ ሰከንድ ይሁን በሚለው በአሮጌው ደንብ ሄድኩ።

ዒድ መጣ። ሰግደን ስንመለስ ሁላችንም በዚያው ግንብ ሥር ተሰለፍን። የመጨረሻዋ እህታችን አሁን ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ዘጠኝ ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ካሜራውን ለአባቴ ሰጠኋቸው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ በሁለት እጅ ደረታቸው ላይ ደግፈው ያዙት። ከመጫናቸው በፊት ግን ሌንሱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

“አባባ፣ ምን ያሸታሉ?” አለቻቸው እህቴ።

“ምንም አይሸትም” አሉና አዩኝ። “ዘይቱን የጨመርክ ዕለት እኮ ነቅቼ ነበር። ቀጭ ቀጭ ስታደርገው ስሰማ ተስተካከለለት ብዬ ተኛሁ።”

ከዚያ ቁልፉን ተጫኑት። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ጥሩ ሆነው ወጥተዋል። በመጀመሪያው ላይ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ እህቴና ልጇ ግን ጥርት ብለው ወጥተዋል። አልበሙ ውስጥ ከ1996ቱ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፈነዋል።